የውጊያ ተራ፦ በዳይስ ወይስ በካርታ?

ገጸ ባሕርይ ሆነን በምንጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ፣ በዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም፣ ውጊያ ሲጀመር ሁሉም ባለ 20 ገጽ ዳይስ አንዴ ጥሎ ከቅልጥፍናው የሚያገኘውን ማስተካከያ ይደምርበታል፤ በድምሩ የወጣው ተራ እስከ መጨረሻ ያው ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ተራው ያለፈ ሰው ስልኩን ያወጣል።

ሳቬጅ ወርልድስ በተባለው ሌላ መሰል ጨዋታ ላይ 52 የመጫወቻ ካርታና 2 ጆከር ተበውዞ በየዙሩ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርታ ይታደላል። ከኤስ ተጀምሮ ወደ 2 ይወረዳል፤ ማን እንደሚቀድም አይታወቅምና ሁሉም ዓይኑን ካርታው ላይ ይተክላል። ለእኔ ይሄ ይበልጣል። ጆከር የደረሰው በፈለገበት ሰዓት ይገባል፤ ለሙከራ በሚጥለው ዳይስም በሚያደርሰው ጉዳትም ላይ 2 ይጨመርለታል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው፦ ጆከር የወጣበት ዙር ሲያልቅ ካርታው ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና ይበወዛል። አለዚያ ጆከሩ ከተጣሉት ጋር ተቀብሮ ይቀራል። ለአምስት ጎብሊንም (ትናንሽ ጭራቆች) አምስት ካርታ አታድሉ፤ ለመንጋው አንድ ይበቃል።