የልጆችን የትምህርት ማስረጃ ለምታስተረጉሙ ሁሉ፦ ደብረ ብርሃን ላለችው እህታችን ምስጋና

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ያላትን አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ልጅ ወደ ውጭ ለመላክ ወረቀት የምታዘጋጁ ካላችሁም ሌላ ቦታ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት እሷን አነጋግሯት።

የእህቴ ልጅ ከአያቷ ጋር እዚሁ ደብረ ብርሃን አድጋ፣ 6ኛ ክፍልን በ2016 ዓ.ም ጨርሳ ነው ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ወደምትኖረው እናቷ የሄደችው። ዛሬ የምትማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ክፍያዋን የሚሸፍነው የኦሃዮ መንግሥት ነው። እህቴ መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እየሠራች፣ እዚያ የተወለደ ትንሽ ልጅ እያሳደገች፣ ይህን ከራሷ ኪስ ልትከፍል የምትችልበት መንገድ አልነበረም።

ነገሩን መጀመሪያ የነገረቻት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ “ልጅሽን የግል ትምህርት ቤት በቫውቸር አስገቢያት” አለቻት። ቫውቸር ማለት መንግሥት ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰጠው እርዳታ ነው። እህቴም መምህር ስለሆንኩ ለእኔ ደወለች። በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ (ስሙን አልጠራም) “ቫውቸሩን እኔ አስወጣላችኋለሁ፣ የኢትዮጵያው ወረቀት በሙሉ በእኔ በኩል ይለቅ” ብሎ ብር ጠየቀን። እናቴ ለልጅ ልጇ ስትል ያላትን ሁሉ ለመስጠት ተዘጋጅታ ነበር። ወረቀቱን ለማስተርጎም ወደዚህች እህታችን ቤት ስንሄድ ግን ያነጋገረችን በሌላ መንፈስ ነው። “እማማ፣ ብሩን ይያዙት። ይህ ነገር የሚሸጥ ከሆነ እኔም አላውቀውም፤ ሕጉን ላንብበውና ነገ ይምጡ” አለቻቸው። እውነትም የኦሃዮ ትምህርት መምሪያ ያወጣውን መመሪያ ከስልኳ አውርዳ፣ አንብባ፣ አስምራበት ጠበቀችን። ለዚህ ያስከፈለችን ነገር የለም።

ያስረዳችንን እኔም በኋላ ከእህቴ ጋር እየተደዋወልን አረጋግጬዋለሁ፤ ለሌሎችም ይጠቅማልና ልጻፈው። ፕሮግራሙ ኤድቾይስ ይባላል። በኦሃዮ ከ2006 (እንደ እነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ያለ ነው፤ በ2023 ደግሞ ሰፍቶ ለማንኛውም ቤተሰብ ክፍት ሆኗል፣ መጠኑ ግን እንደ ገቢው ይለያያል። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር (የአሜሪካ መንግሥት በቤተሰብ ብዛት የሚያወጣው የዝቅተኛ ገቢ መለኪያ) 450 በመቶ ያልበለጠ ሙሉውን ያገኛሉ፣ ከዚያ በላይ ያሉት እየቀነሰ ይሰጣቸዋል። ሙሉው እስከ 8ኛ ክፍል ላለ ተማሪ በዓመት ከ6,000 ዶላር፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ላለው ከ8,000 ዶላር በላይ ነው። ለእኛ ቤተሰብ ትልቁ ነገር ደግሞ ሌላው አንቀጽ ነበር። የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመሩ 200 በመቶ ያልበለጠ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ከቫውቸሩ በላይ የትምህርት ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድለትም። በ2024 ለሦስት ሰው ቤተሰብ መስመሩ 25,820 ዶላር ነበር፤ እጥፉ 51,640 ይሆናል። እህቴ ከዚያ በታች ናት። የደንብ ልብሱ፣ መጓጓዣውና ጥቃቅኑ ግን በወላጅ ነው፤ “ሁሉም ነጻ ነው” የሚላችሁን አትመኑ።

ደላላው የደበቀንን ዋና ነገር ያወቅነውም በዚሁ ነው። ቫውቸሩን ከኢትዮጵያ የሚያስወጣው ሰው የለም። ወላጅ መጀመሪያ ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ ያመለክታል፤ ትምህርት ቤቱ በራሱ መስፈርት አይቶ ከተቀበለው የቫውቸሩን ጥያቄ ለመንግሥት የሚያስገባው ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። የግል ትምህርት ቤት ሁሉ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ከግዛቱ ቻርተር (የእውቅና ፈቃድ) ያለውና ልሳተፍ ብሎ የተመዘገበ መሆን አለበት። ስለዚህ እህታችን ለእህቴ በስልክ የሰጠቻት ምክር አጭር ነበር፦ “እህቴ፣ ትምህርት ቤቱን ስለ ክፍያ ከመጠየቅሽ በፊት ኤድቾይስ ትቀበላላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የአድራሻና የገቢ ማስረጃ ከአንቺ ነው፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ ከእኛ ነው።” እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ትምህርት ቤት የማይሳተፍ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ካቶሊክ ሆኖ ተቀበላት።

እናቴ “የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው፣ መንግሥት እንዴት ይከፍላል?” ብላ ተጨንቃ ነበር። ለዚህ መልሱ በዚያው በኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ ከተማ ፕሮግራም ላይ በተነሳ ክርክር ተሰጥቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 (እንደ እነሱ አቆጣጠር) በ5 ለ4 ድምፅ የፈቀደው፣ እርዳታው ለወላጅ የሚሰጥና የት እንደሚውል የሚመርጠው ወላጁ ስለሆነ ነው። ክሊቭላንድ ላይ ቼኩ የሚጻፈው በወላጅ ስም ነበር፤ ወላጅ ፈርሞ ለትምህርት ቤቱ ያስተላልፈዋል። ይህን ስነግራት እናቴ “እንግዲያ ልጄ ናት የምትከፍለው” ብላ ረጋች።

አሁን ስለ ሥራዋ ልናገር፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። ልጃችን የተወለደችው የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2004 ዓ.ም ነው። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ያስተረጎምነው ወረቀት ጃንዋሪ 19፣ 2012 ይላል፤ ፓስፖርቷ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይላል። ማናችንም ሳንደውልላት ወይም ሳንነግራት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አየችና “ፓስፖርቱ ልክ ነው፤ 2003 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ሆናለች፣ ስለዚህ የ2004 ጥምቀት በጃንዋሪ 20 ነው የዋለው” አለች። የአንድ ቀን ልዩነት ነው። ግን በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት የልደት ቀን ያላት ልጅ ስትቀርብ ትምህርት ቤቱ ማን እንደሆነች መጠየቁ አይቀርም። ትርጉሙን እንደገና ሠርታ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈችው።

በሪፖርት ካርዱ ላይ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ አለ። 6ኛ ክፍል 2016 ተብሎ እንዳለ ቢተረጎም እዚያ ያለ አንባቢ ልጅቷ በአራት ዓመቷ 6ኛ ክፍል ጨርሳለች ብሎ ይገረማል። እሷ ግን እያንዳንዱን የትምህርት ዘመን 2016 ዓ.ም (2023/24) እያለች አስቀመጠችው።

ስሙ ሌላው ፈተና ነበር። ልጅቷ የምትጠራው በአባቷና በአያቷ ስም ነው፣ እናቷ ደግሞ በራሷ አባትና አያት። አሜሪካ ላይ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሲለያይ “እናቷ ነሽ?” ያስብላል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የእናት ሙሉ ስም ያለበትን ቦታ ለይታ፣ የአገራችንን የስም አጠራር የሚያስረዳ አጭር ማብራሪያ ከትርጉሙ ጋር አያይዛ ሰጠችን። እህቴ እንደነገረችኝ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ያንን ገጽ አንብባ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀቻትም።

ያላደረገችው ነገርም አለ፣ ለእኔ ለመምህሩ ከሁሉ የበለጠብኝ እሱ ነው። ውጤቱን ከመቶ ወደ ኤና ቢ እንድትለውጥልን ጠይቀናት ነበር። “ጋሼ፣ እኔ ተርጓሚ ነኝ እንጂ ፈታኝ አይደለሁም፤ የተጻፈውን ነው የምጽፈው። የማለፊያ ነጥቡ 50 መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ያምጡልኝ፣ እሱን እተረጉማለሁ” አለችኝ። የልጅቷ ትምህርት ቤት ሬከርድ ክፍልም ደብዳቤውን ማኅተም አድርጎ ሰጠን፤ እነሱንም አመሰግናለሁ። ነጥቡም፣ የክፍል ደረጃዋም፣ የተማሪው ብዛትም እንዳለ ሄደ። ውጭ ጉዳይ ድረስ ሄደን ሁሉንም እናረጋግጥ ስንል ደግሞ “መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ” አለችን። ትምህርት ቤቱ የፈለገው የዋናውን ቅጂና የተረጋገጠ ትርጉም ብቻ ሆነ፤ የአዲስ አበባውም መንገድ፣ ወጪውም ቀረልን። ለራሷ ገቢ የሚሆን ሥራ እያለ “አያስፈልጋችሁም” የሚል ሰው አገልግሎቱን በሙሉ ልብ ልጠቁምላችሁ እችላለሁ።

ስለ ቫውቸሩ ራሱ፣ መምህር ሆኜ ሳስበው ሁለት ስሜት አለኝ። የእኛ አገር ወላጅ የግል ትምህርት ቤት ክፍያን ከኪሱ እየከፈለ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር የሚጨነቀውን አውቃለሁ፤ ለደሃ ቤተሰብ በር የሚከፍት ገንዘብ ሳይ ደስ ይለኛል። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግን የሚተርፋቸው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄም ልክ ነው። እዚያም ቢሆን ክርክሩ አላለቀም። በሰኔ 2017 ዓ.ም አንዲት የኦሃዮ ዳኛ ፕሮግራሙ የግዛቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብላ ወስናለች፤ ይግባኙ እስኪታይ እንዲቀጥል ግን ፈቅዳለች። ስለዚህ ኦሃዮ ቤተሰብ ያላችሁ በየዓመቱ ከትምህርት ቤቱ እየጠየቃችሁ ተከታተሉ። በሌላ ግዛት ያላችሁ ደግሞ ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የኦሃዮውን ለራሳችሁ አትውሰዱት።

ወደ እህታችን ስትሄዱ ዋናውን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሁሉንም ዓመት ሪፖርት ካርድ፣ ፓስፖርት ካለ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የቆየ ትርጉም ካላችሁም አትጣሉት፣ ታስተያየዋለች። ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአለም ከተማ የምትመጡ መጀመሪያ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩላት፤ የጎደለ ካለ ሳትንገላቱ ትነግራችኋለች። ክፍያ በቴሌብር ትቀበላለች። ዛሬ ሰጥቶ ዛሬ መውሰድ ግን የለም፤ ሁለቴ ሳታነብ ማኅተም አታሳርፍም፣ መብራት ከጠፋም ይዘገያል። ስለዚህ ቀድማችሁ ሂዱ። የኤድቾይስ ማመልከቻ በፌብሩዋሪ 1፣ ማለትም በጥር መጨረሻ ገደማ ስለሚከፈት ለቀጣዩ ዓመት የምታስቡ ከገና በፊት ብትጀምሩ ይሻላል።

እህታችን፣ እናቴ ስምሽን በጸሎቷ ታነሳለች፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ እልሻለሁ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።