የድሬዳዋው ማቻ ማርጋሪታ፦ ሻዩ ቀድሞ ካልተበጠበጠ

በከዚራ፣ ትልልቅ ዛፎች ካጠሉባቸው መንገዶች በአንዱ ዳር የሚገኝ አንድ ባር ከጥቂት ወራት ወዲህ በኮክቴሎቹ ዝርዝር ላይ ማቻ ማርጋሪታ የሚባል፣ ማቻ የተባለው የጃፓን ሻይ ዱቄት ቴኪላ ከሚባለው የሜክሲኮ አልኮልና ከሎሚ ጋር የሚናጥበት መጠጥ አክሏል። የባሩን ስም የማልጠቅሰው ሁለት ጊዜ ቀምሼ የመጀመሪያው ስላበሳጨኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቂሜን ግማሽ በግማሽ ስላስረሳኝ ነው። አንዱ ብርጭቆ ከሦስት ሐረር ቢራ በላይ ስለሚያስከፍል ግን ነገሩን በዝርዝር መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የመጀመሪያው የቀረበልኝ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ የቀኑ ሙቀት ገና ከግድግዳው ሳይወጣ ነበር። ከሩቅ አረንጓዴ የነበረው መጠጥ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ ብዙ የቆየ የጎመን ውሃ መሰለኝ፤ ከላዩ ጥቃቅን ጓል ተንሳፍፎበት፣ ከሥሩ ደግሞ አተላ ተኝቶበት ነበር። ስጎነጨው አንዱ ጓል ምላሴ ላይ ፈርጦ ደረቅ ዱቄት ለቀቀ። የብርጭቆው አፍ በጨው ፋንታ ስኳር ተቀብቷል፤ ምሬቱን ይሸፍናል ተብሎ የተጨመረው ሽሮፕም ቴኪላውንና ሎሚውን አንድ ላይ ውጧቸዋል። ባንኮኒው ድረስ ሄጄ ባርማኑን ስለ ጓሉ ብጠይቀው፣ ታላቅ ታናሽ በማይለየው የድሬ ልጅ ወግ፣ «አንተ፣ ሻይ አይደል እንዴ? ይሟሟላ!» አለኝ።

ጥፋቱ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው፤ ማቻ አይሟሟም። ማቻ ከመለቀሙ በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ጥላ ተሠርቶለት የሚያድግ፣ ከተለቀመ በኋላ በእንፋሎት የሚታጠንና የሚደርቅ፣ የቅጠሉ ዘንግና ጅማቶቹ ከተለዩለት በኋላ በድንጋይ ወፍጮ የሚላም የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ነው። ስለዚህ የምንጠጣው የተዘፈዘፈውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ቅጠሉን ራሱን ነው። ይህን የመሰለ ልም ዱቄት በደረቁ በበረዶና በሎሚ ጭማቂ ላይ ከተነሰነሰ፣ ሼከሩ (የኮክቴል መናጫው) የቱንም ያህል ቢናጥ ይጓጉላል እንጂ አይዋሐድም። በሶ በጥብጦ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጃፓን መሄድ አያስፈልገውም፤ መጀመሪያ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ዱቄቱን ካለሰለሰ በኋላ ነው ቀሪውን የሚጨምረው። ጃፓኖችም ከቀርከሃ በተሠራ መምቻ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የቀለሙ ነገር ሌላ ሁለት ምክንያት አለው። አረንጓዴውን የሚሰጠው ክሎሮፊል በአሲድ ውስጥ ሲቆይ ማግኒዚየሙን ያጣና ወደ ቡናማ ያደላል፤ ስለዚህ ማቻው ከሎሚው ጋር መገናኘት ያለበት በመጨረሻ ነው። ሁለተኛው ዱቄቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ማቻ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ያበላሹታል። እዚህ ባር ውስጥ ግን ክዳኑ በወጉ በማይገጥም የመስታወት ማሰሮ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተደርድሯል፤ ያውም በድሬዳዋ ፀሐይ።

ጥፋቱ የመጠጡ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ቤቴ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። 50 ሚሊ ሊትር ነጭ ቴኪላ፣ 20 ሚሊ ሊትር ትሪፕል ሴክ የሚባል የብርቱካን ሊኬርና 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ የተለመደው የማርጋሪታ ልክ ነው። ቴኪላው ጠርሙሱ ላይ መቶ በመቶ አጋቬ (ቴኪላ የሚሠራበት ተክል) የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ካልተጻፈበት እስከ 49 በመቶ የሚደርሰው ስኳር ከሌላ ተክል ሊሆን ይችላል። ከከፊራ ገበያ የሚገዛው ቆዳው ስስ የሆነ ትንሹ ሎሚያችን ኮምጣጣና መዓዛማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። 2 ግራም ማቻ፣ ማለትም ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ፈልቶ ጥቂት ደቂቃ በቀዘቀዘ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ አረፋ እስኪያወጣ መታሁት። ሌላውን ሁሉ በበረዶ ከናጥኩ በኋላ የቀዘቀዘውን ማቻ ጨምሬ ለአጭር ጊዜ ብቻ መልሼ ናጥኩትና አጠለልኩት። ቀለሙ የለጋ ሣር ነበር፤ አተላ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ባሩ ስመለስ ባርማኑ አልረሳኝም ነበር። ማቻውን ማኪያቶ በሚሠሩበት የወተት አረፋ ማውጫ መትቶ፣ ሽሮፑን በግማሽ ቀንሶ አቀረበልኝ። ጓል የለውም፤ አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ሣር ሣር የሚል፣ ቀጥሎ ሎሚው የሚያነቃው፣ በመጨረሻ ቀለል ያለ ምሬት የሚያስቀር መጠጥ ነበር። ጨው ስጠይቅ ከወጥ ቤት ደቃቅ ያልሆነ ጨው በሲኒ ማስቀመጫ መጣልኝ። የብርጭቆውን ግማሽ አፍ ብቻ ቀባሁት፤ ጨው ምሬትን ስለሚያለዝብ ስኳር ሊሠራ ያልቻለውን ሥራ ሠራ። ቀለሙ ግን አሁንም ፈዛዛ ነበር።

የማቻው ካፌይን ቀላል ስላልሆነ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አድሯል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ቢጠጣ ይሻላል። መታዘዝ ያለበትም ሻዩ ቀድሞ እንዲመታ፣ ሽሮፑ እንዲቀንስና ጨው እንዲቀርብ አስቀድሞ በመንገር ነው። እንደዚያ ከተሠራ ዋጋውን ያወጣል፤ ዝም ተብሎ የታዘዘው ግን አያወጣም። ማሰሮውን ወደ ፍሪጅ እንዲያስገባው ለባርማኑ ነግሬው «እሺ» ብሎኛል፤ ባለፈው ቅዳሜ በባጃጅ ሳልፍ እዚያው መስኮት አጠገብ አየሁት።