ስክሪኑን ተዉት፣ ኮርቻው ላይ ውጡ፦ ባሕር ዳር ላይ የቤት ስፖርት ሳይክል ስንገዛ

እንደ ባሕር ዳር ሜዳ በሆነ፣ ሳይክል በሞላበት ከተማ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ሳይክል ገዝቶ ሳሎን ማስቀመጥ ለብዙ ሰው ግር ይላል። ጎረቤታችን ካርቶኑ ሲወርድ አይተው "እታለም፣ መንገዱ ምን አላችሁ?" ብለውኛል። ጥያቄያቸው ልክ ነው። ጧት 12 ሰዓት ላይ ዘንባባው ሥር እየነዱ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሶ መመለስን የሚተካ ነገር የለም። እናቴ ግን ጉልበቷን ታማለች። ሐኪሙ "እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ጉልበትዎ ላይ ግን ጫና አይጣሉ" ብሏታል፤ እሷን ደግሞ ባጃጅ በሚርመሰመስበት አስፋልት ላይ ሳይክል ንጂ አልላትም። እኔም ከሥራ የምወጣው ሊመሽ ሲል ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ ሲመሽ ውጭ መቆየት እንደ ድሮው አልሆነም። ክረምቱንም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ገዛን። ለሚገዛ ሰው የምለውን ከወዲሁ ልበለው፦ ፔዳሉ በማግኔት የሚከብደውን፣ ማክበጃው በእጅ የሚዞረውን፣ ኮርቻው ለቤቱ አጭር ሰውም ለረጅሙም የሚሆነውን ግዙ። ስክሪኑን አትዩት። ሱቅ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ እሱኑ ነው። "እህቴ፣ ይሄ ካሎሪ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ብሉቱዝም አለው" አለኝ አንዱ ልጅ፤ ኮርቻው እስከ ምን ድረስ ዝቅ እንደሚል ስጠይቀው ግን ቡሎኑ ዝጎ አልፈታ አለው። ከርካሾቹ ስክሪኖች ብዙዎቹ የሚነዳውን ሰው ክብደት እንኳ አይጠይቁም፣ ክብደት ሳይታወቅ የሚነገራችሁ ካሎሪ ደግሞ ግምት ነው። መሪው ላይ ያለው የልብ ምት መለኪያም እጅ ሲያልበውና ሲንቀሳቀስ ይዘባርቃል። ስንት ደቂቃ እንደነዳችሁ ካሳየ ይበቃል፣ ለዚያም የግድግዳ ሰዓት አለ።

ማክበጃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋጋውንም ዕድሜውንም የሚወስነው እሱ ነውና። አንደኛው ዓይነት በፍሬን ሸራ የሚሠራ ነው። ማዞሪያውን ስታጠብቁት ሸራው ወርዶ የሚሽከረከረውን ብረት ይጫነዋል። ዋጋው ረከስ ይላል፣ ሲገዛም ጥሩ ይመስላል። ሸራው ግን ያልቃል፣ ሲሞቅ ይሸታል፣ ብናኙ ወለል ላይ ይቀራል፣ ሲተካ ደግሞ ልኩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው በማግኔት ነው። ማግኔቱ ብረቱን ጨርሶ አይነካውም፤ ብረቱ በማግኔቱ አጠገብ ሲሽከረከር ውስጡ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ይሄው ኤሌክትሪክ መልሶ ብረቱን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ማግኔቱ በቀረበ ቁጥርም እየከበደ ይሄዳል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ አይጮህም፣ የሚያልቅ ሸራም የለውም። የኛን ማግኔት የሚያቀርበውና የሚያርቀው ከማዞሪያው ጋር የተያያዘ ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው።

ሦስተኛውም ማግኔት ነው፣ የሚታዘዘው ግን ከስክሪኑ በኤሌክትሪክ ነው። ውድ ነው። ከሶኬት የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲሄድ መቆጣጠሪያውም አብሮ ይሄዳል፣ መብራት ሲዋዥቅ ደግሞ ቦርዱ ያሳስባል፤ ቦርድ ከተቃጠለ እዚህ የሚጠግነው ሰው ፍለጋ ራሱ አንድ ሥራ ነው። በባሕር ዳር መብራት ይሄን ለቤቱ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቢያስብበት እላለሁ። ስትነዱት ራሱ የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዓይነትም አለ፣ ዋጋው ግን ለጂም እንጂ ለኛ ቤት አይቀመስም።

ፍላይዊል የሚሉት የሚሽከረከረው ብረትም ክብደቱ ወሳኝ ነው። ከበድ ሲል ፔዳሉ ለስልሶ ይዞራል፣ ቀላል ሲሆን በየዙሩ ይቆራረጣል፣ ያ መቆራረጥ ለታመመ ጉልበት አይመችም። የወሰድናት ሳይክል ፍላይዊሏ 8 ኪሎ ነው። ሻጮች 20 ኪሎውን እያሳዩ "የባለሙያ ነው" ይላሉ፤ በኃይል ለሚነዳ ወጣት እውነት ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ግን ትርፉ ደረጃ ላይ የመሸከም ጣጣ ነው። ካቴና ያለው ይንጫጫል፣ ዘይትም ይፈልጋል። በጎማ ቀበቶ የሚዞረውን ምረጡ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁና ከታች ጎረቤት ካለ።

ቅርጹ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ፊት አጎንብሰው የሚነዱት፣ ፍላይዊሉ ከፊት ገጥጦ የሚታየው፣ ስፒን የሚባለው ዓይነት ሱቆቹን ሞልቷቸዋል። ያምራል። እናቴን በዓይነ ሕሊናዬ እሱ ላይ ሳስቀምጣት ግን አልሆን አለኝ፦ መሐሉ ላይ ያለው ብረት ከፍ ያለ ነው፣ በቀሚስ እግር አንስቶ መሻገር አይቻልም፣ የነጠላዋ ጫፍ ደግሞ የሚሽከረከረው ብረት ውስጥ ቢገባስ? ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ይሄ ክፍት ብረት ጣት የሚቆርጥ ነገር ነው፣ በቀልድ አትዩት። እኛ የወሰድነው ቀጥ ብለው የሚቀመጡበትን፣ ፍላይዊሉ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነውን፣ መሐሉ ዝቅ ያለውን ነው። እማዬ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ያለ ማንም እርዳታ ትወጣበታለች። ጀርባ መደገፊያ ያለው፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳው ዓይነትም አለ፤ ወገብ ለሚያመው ሰው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ቦታ ይፈጃል እንጂ። በዞርንባቸው ሱቆች ግን አላገኘነውም፣ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ በዓባይ በረሃ በጭነት ማምጣቱም ወጪውን ከፍ ያደርገዋል።

ሱቅ ስትሄዱ ለኮርቻው ጊዜ ስጡ። አጠገቡ ቆማችሁ ኮርቻው ከዳሌያችሁ አጥንት እኩል ይሁን፣ ከዚያ ውጡና ፔዳሉን ታች አድርሱት፦ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጠፍ ማለት አለበት። እግር ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ኮርቻው ከፍ ብሏል፣ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በጣም ከታጠፈ ዝቅ ብሏል፣ ጉልበት ከፊት በኩል መታመም የሚጀምረውም ያኔ ነው። እናቴ አጭር ናት፣ ወንድሜ ረጅም ነው፣ ሁለቱንም ይዤ ነው የሄድኩት። ሻጩ ቢቆጣም ቢስቅም ግድ የለም፣ ውጡና ጥቂት ደቂቃ ንዱ። ኮርቻው ከፍና ዝቅ ከማለት ሌላ ወደ ፊትና ወደ ኋላም የሚሄድ ቢሆን ይመረጣል፤ የኛ አይሄድም፣ ረጅሙ ወንድሜ በዚህ አልተመቸውም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ የሰው ክብደትም አንብቡ፣ 100 ኪሎ የሚልም 120 የሚልም አለ፣ ለቤቱ ከባድ ሰው ተረፍ የሚል ይሁን።

ስለ ገጠማው መናገር አለብኝ። ሱቁ "ቤት ድረስ መጥተን እንገጥማለን" ብሎ ሁለት ልጆች ላከ። ትሑት ልጆች ናቸው፣ ከባዱን ካርቶን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻቸው አወጡት። ግራውን ፔዳል ግን እንደ ቀኙ ወደ ቀኝ እያዞሩ በቁልፍ አስገደዱት። የግራ ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ በማንኛውም ሳይክል እንዲህ ነው፣ እየነዱ ሳለ እንዳይፈታ ተብሎ የተሠራ ነው። ጥርሱ ተበላ። ሱቁ "ነገ እንልካለን" ማለት አበዛ፣ ተስፋ ቆርጠን ፔዳሉ የሚያያዝበትን ክንድ አስፈትተን ሰፈራችን ያለ ሳይክል ሠሪ ጋ ወሰድነው። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ መሆኗ እዚህ ጋ ጠቀመን፦ ሠሪው ጥርሱን አውጥቶ መለሰልን፣ ፔዳሉንም በደህና ቀየረው። የቤት ሳይክል ብዙው ነገሩ ሳይክል ነው። ኩሽኔታው፣ ኮርቻው፣ ሽቦው ቢበላሽ መንገድ ዳር ድንኳን ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። በእጅ የሚዞረውን ግዙ የምለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እናንተ ስትገጥሙ ፔዳሎቹ ላይ የተጻፈውን ፊደል እዩ፣ ኤል ግራ ነው፣ አር ቀኝ፤ መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡት፣ በጣት አልገባም ካለ አቅጣጫው ተሳስቷል ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ሲነዳ ንፋስ የለም፣ ስለዚህ ከውጭው ይልቅ ያልባል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ሲጨመርበት ከባድ ነው። ወደ ሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ከፍተን እንነዳለን፣ ከመሸ ግን ትንኙ ስለሚገባ መስኮቱን ዘግተን ቬንትሌተር እንከፍታለን። ላብ ጨው ነው፣ ብረት ይበላል፤ ነድታችሁ ስትወርዱ መሪውንና ከሥሩ ያሉትን ቡሎኖች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሴራሚክ ወለል ላይ ደግሞ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ከሥሩ ይነጠፍ፣ አለበለዚያ ይንሸራተታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት ማውራት እየቻላችሁ መዘመር ሲያቅታችሁ ነው። እማዬ መዝሙር ከፍታ ነው የምትነዳው፣ አብራ እየዘመረች ከሆነ ማዞሪያውን አንድ ቁጥር ከፍ አደርግባታለሁ፣ ቃላቱ ከተቆራረጡባት እተወዋለሁ። በጾም ቀን ከቀመሰች በኋላ፣ ምግቡ ሲረጋላት ወደ ማታ ትነዳለች። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፣ አሁን ቡና እስኪፈላ ድረስ አትወርድም። ደረጃ ስትወጣ ድሮ ብረቱን ይዛ በየፎቁ ታርፍ ነበር፣ አሁን ሳታርፍ ትደርሳለች። ይሄን ሳይ ለከፈልነው ብር አላዝንም።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ የዛሬው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ በአንድ ዓይነት ሳይክል ላይ ብዙ ልዩነት አይተናል። ዋስትና ካሉ በወረቀት ይጻፍላችሁ፣ ገጠማውም ይጨመርበት። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት ፔዳሉን በእጅ አዙራችሁ ጆሮ ስጡት፣ ኩሽኔታው ካንኳኳ ተዉት።

ለውድድር ለሚሠለጥን ወይም ከኮርቻው ተነስቶ ቆሞ ለሚነዳ ልጅ ይቺ ሳይክል አትሆንም፣ ቆመው ሲነዷት ትነቃነቃለች፣ ለእሱ ስፒኑ ይሻላል። ኮርቻዋም ደረቅ ነው፣ የስፖንጅ ልባስ ደርበንበታል። ጉልበት ለሚያመው፣ ለእናትና ለአባት፣ ጠባብ ሳሎን ላለው ግን ይሄንኑ ዓይነት ደግሜ እገዛለሁ። ጀርባ መደገፊያ ያለውን ባሕር ዳር ውስጥ ያያችሁበት ሱቅ ካለ ንገሩኝ፣ አክስቴ ወገቧን ስለሚያማት እየፈለግንላት ነው።