«ሴቲንጉን ለእኛ ተዉት» ላላችሁ ሻጭ ቼክ አትፈርሙ

ለቢሯችሁ የኤአይ ረዳት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ በተለይ እንደኛ የራሱ የአይቲ ሠራተኛ የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆናችሁ፣ ቼኩን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኛ ከፈረምን በኋላ ነው የነቃነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ባለ አንድ የትራንዚት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ነን። ውሏችን ከወረቀት ጋር ነው፤ ዲክላራሲዮን፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የባንክ ፈቃድ፣ ከደንበኛ ጋር የማያልቅ ኢሜይል። ኢሜይሉም ፋይሉም ማይክሮሶፍት 365 ላይ ነው። ጋሼ፣ ማለትም የድርጅቱ ባለቤት፣ ኮፓይለት ስለሚባለው የማይክሮሶፍት ኤአይ ረዳት ከአንድ ወዳጃቸው ሰምተው መጡ። ኢሜይል ያሳጥራል፣ ኤክሴል ይመረምራል፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛል ተባለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቅሬታዬ ረዳቱ ላይ አይደለም፤ የሸጠልን ድርጅት ላይ ነው።

ጊዜው የካቲት 2017 ነበር። የላይሰንሱ (የመጠቀሚያ ፈቃዱ) ዋጋ ያኔ ለአንድ ሰው በወር 30 ዶላር፣ በዓመት 360 ዶላር ነበር። ለአሥራ ሁለታችን 4,320 ዶላር ማለት ነው። ሻጩ ይህን ራሱ ባወጣው ምንዛሪ ወደ ብር ለወጠውና 15 በመቶ ቫት ጨመረ። ከሥር ደግሞ «የአድሚን ሴቲንግ ዝግጅትና ሥልጠና» የሚል አንድ መስመር አስገብቶ 90,000 ብር ጻፈበት፤ አድሚን ማለት የድርጅቱን አካውንቶችና ፈቃዶች የሚያስተዳድር ሰው ነው። ፕሮፎርማውን ያየሁት እኔ ነኝ። «ዝግጅት ሲባል ምን ምን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ኧረ አያስቡ፣ ሴቲንጉን ለእኛ ተዉት» አሉኝ። ተውኩት።

የካቲት 10 ቀን አንድ ወጣት መጣ። የጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ቡና ቀረበለት፣ ቶናው ሳይደርስ «ጨርሻለሁ» አለ። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር ያደረገውን አይቻለሁ። የእያንዳንዳችንን ስም እየከፈተ ላይሰንሱ ጎን ራይት አደረገ፣ ሴቭ አለ፣ ወደሚቀጥለው ሄደ። አሥራ ሁለት ጊዜ። አለቀ። «ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወሰነው የቱ ጋ ነው?» አልኩት። «እሱን ኤአዩ ራሱ እየተማረ ያስተካክለዋል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር የሚነግራችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ አሰናብቱት። ኮፓይለት የማን ደመወዝ ምስጢር እንደሆነ አይማርም። የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄውን የጠየቀው ሠራተኛ ፋይሉን የመክፈት ፈቃድ አለው ወይስ የለውም? ካለው ያመጣለታል። የተቆለፈ በር አይሰብርም፤ ያልተቆለፈውን ግን አንድም ሳያልፍ ይገፋዋል። እኛ ሰዎች አንድ ፋይል የት እንዳለ ስለማናውቅ ብቻ ሳናየው ዓመታት ይቀመጣል። ረዳቱን ግን እንዲህ ዓይነቱ አለማወቅ አያግደውም።

መጋቢት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የመጋዘን ኃላፊያችን፣ ዕድሜያቸው ከሁላችንም የሚበልጥ ሰው፣ ባለፈው ወር ለትርፍ ሰዓት ስንት እንደተከፈለ ለማወቅ ፈልገው ረዳቱን በእንግሊዝኛ ጠየቁት። ጥያቄያቸው የራሳቸውን ሠራተኞች የሚመለከት ነበር። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ላፕቶፓቸውን እንደተከፈተ ተሸክመው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ። አላስቀመጡትም፤ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው እንደያዙት ቆሙ። የአሥራ ሁለታችን ስም፣ የተጣራ ደመወዝ፣ ከማን ምን ያህል ብድር እንደሚቆረጥ ሁሉ በሰንጠረዥ ተደርድሯል። ከሥሩ የፔይሮል ፋይሉ ሊንክ አለ።

«የኔ እህት፣ ይሄን እኔ ማየት ነበረብኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ብድሩ ከሚቆረጥባቸው መካከል እሳቸው አንዱ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ያየ ሰው ይኑር አይኑር በዚያች ሰዓት የማውቅበት መንገድ አልነበረም።

ፋይሉ ለምን ክፍት ሆነ? ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ስለሆነ እናገራለሁ። ከዓመታት በፊት ቲምስ በሚባለው የማይክሮሶፍት የስብሰባና የፋይል መጋሪያ ላይ «ፋይናንስ» የሚል ቡድን ስከፍት «ፕራይቬት» በማለት ፈንታ «ፐብሊክ» የሚለውን መርጬ ነበር። ፐብሊክ ማለት የድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ ገብቶ ፋይሉን ማየት ይችላል ማለት ነው። ማንም ስላልፈለገው ማንም አላየውም። ኮፓይለት የገባበት ድርጅት ሁሉ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህንን ነው፤ የትኛው ቡድን ፐብሊክ ነው፣ የትኛው የሼርፖይንት ሳይት (የድርጅቱ ፋይል የሚቀመጥበት ገጽ) ለሠራተኛው በሙሉ ተከፍቷል። 90,000 ብር የተከፈለበት «ዝግጅት» ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ፍተሻው ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የረዳቱ ፍለጋ በዋናነት በተመረጡ ሳይቶች ላይ እንዲወሰን የሚያደርግ «ሪስትሪክትድ ሼርፖይንት ሰርች» የሚባል ጊዜያዊ አማራጭ አለ። እስከ 100 ሳይት መምረጥ ይቻላል፤ እኛ ያሉን ሰባት ናቸው። ስሙን እንኳ አላነሱልንም።

ያንኑ ቀን ከሰዓት ፋይሉን ለመዝጋት አድሚን ሴንተር ወደሚባለው የማስተዳደሪያ ገጽ ልገባ ስሞክር ሁለተኛው ጉድ ወጣ። አድሚን አይደለሁም። ጋሼም አይደሉም። ከድርጅታችን አንድም ሰው አድሚን አይደለም። ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«የአድሚን አካውንቱን ስጡን።»

«በፖሊሲያችን አይፈቀድም። የሚያስፈልገውን ይንገሩን፣ እኛ እናደርጋለን።»

«የራሳችን ቤት ቁልፍ ነው እኮ!»

«ገብቶኛል እህት፤ ግን ሰፖርት የሚሰጠው በውል ነው።» የሰፖርት ውሉ ሌላ ክፍያ እንዳለው ያኔ ነው የሰማሁት።

ቁልፉን ለማስለቀቅ 19 ቀንና አንድ የጠበቃ ደብዳቤ ፈጀብን። በመጨረሻ ስንገባ በድርጅታችን ላይ አራት ግሎባል አድሚኒስትሬተሮች አገኘን። አራቱም የእነሱ ናቸው፤ አንደኛው ከሻጩ ከወጣ የቆየ ሠራተኛ አካውንት ነው። ግሎባል አድሚኒስትሬተር ማለት የማንኛውንም ሰው ፓስወርድ መቀየር፣ ራሱን ለማንኛውም ፋይል ባለመብት ማድረግ የሚችል ሰው ነው። የደንበኞቻችን የንግድ ሰነድ በሙሉ እዚያ አለ።

ሻጭ ድርጅት ለሥራው መግባት አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። ለዚያ ግን ሥርዓት አለው። ማይክሮሶፍት ለአከፋፋዮች ያዘጋጀው ጂዳፕ የሚባል የውክልና መንገድ አለ፤ ሻጩ ጥያቄ ይልካል፣ የእናንተ አድሚን የትኛው ሥልጣን ለስንት ቀን እንደሚሰጥ አይቶ ያጸድቃል። ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊትም መሰረዝ ትችላላችሁ። በራሱ ሠራተኛ ስም ግሎባል አድሚን ከፍቶ ዝም የሚል ሻጭ ይህን መንገድ አውቆ የዘለለ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ግሎባል አድሚኖች ከአምስት እንዲያንሱ ይመክራል፤ ለአሥራ ሁለት ሰው ቢሮ ሁለት በቂ ነው፣ ሁለቱም የቤት ሰው ይሁኑ።

ታዲያ ለምን አልሰረዛችሁም ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ ነው ያናደደኝ። የዓመት ላይሰንስ ከገዛችሁ በኋላ ሰርዛችሁ ገንዘባችሁን የምታገኙት፣ ወይም የሰው ቁጥር የምትቀንሱት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱ እስኪያልቅ የእናንተ ነው፣ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም። ላይሰንሱ የተከፈተው የካቲት 10 ነው። ሥልጠናው መቼ ነው ስንል «ከዓድዋ በዓል በኋላ ይሁን፣ ሰው ይበተናል» አሉን። ዓድዋ የካቲት 23 ነው። እስክንሠለጥንና ምን እንደገዛን እስክናውቅ ሰባቱ ቀን አልፎ ነበር። አጋጣሚ ነው ብዬ ማመን ያቅተኛል። የሥልጠናውን ቀን ከላይሰንሱ በፊት ወይም በማግስቱ አስደርጉት፤ እንቢ ካሉ ላይሰንሱ ይቆይ።

ሌላም ነገር ዘግይቶ ገባኝ። ከአሥራ ሁለታችን ስምንቱ የሚጠቀሙት ኢሜይል ለማርቀቅና አጠቃላይ ነገር ለመጠየቅ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ከጥር 2017 ጀምሮ ኮፓይለት ቻት የሚባለው በሥራ አካውንት ያለ ተጨማሪ ላይሰንስ ይሠራል። የሚከፈልበት በዋናነት የሚለየው የድርጅቱን ፋይልና ኢሜይል ራሱ እየፈለገ መመለሱ ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጎግል ዎርክስፔስ የምትጠቀሙም ካላችሁ፣ ጄሚናይ የሚባለው የጎግል ኤአይ ረዳት ከጥር 2017 ወዲህ በቢዝነስና በኢንተርፕራይዝ ጥቅሎች ውስጥ ተካቷል፤ ዋጋውም አብሮ ጨምሯል። አሁን ለብቻው «የጄሚናይ ላይሰንስ» ሊሸጥላችሁ የመጣ ካለ አሁን ካላችሁ ጥቅል ምን እንደሚለይ በጽሑፍ አስረዱኝ በሉት።

ወደ መንግሥት አቤት ማለት አስበን ነበር። ጠበቃችን ያስረዱን ነገር ብዙ ነጋዴ የማያውቀው ይመስለኛል፦ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው ነው። ድርጅት ሆናችሁ ለሥራ ስትገዙ ከለላችሁ በዋናነት ውላችሁ ነው። የእኛ ውል ስለ አድሚን መብት አንድ ቃል የለውም። በአንጻሩ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሠራተኞቻችሁን መረጃ የመጠበቅ ኃላፊነት የሚጥለው በእናንተ በአሠሪዎቹ ላይ ነው። ደመወዙ ሲታይ ሠራተኛው የሚጠይቀው ሻጩን ሳይሆን ጋሼን ነው።

ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ «የአድሚን ዝግጅት» የሚል መስመር ካያችሁ ምን ምን እንደሆነ ይዘርዘርላችሁ። ግሎባል አድሚኑ ማን እንደሚሆን በስም ይጻፍ። ፐብሊክ ቡድኖችና ሳይቶች ተፈትሸው ዝርዝሩ ይሰጣችሁ፤ ላይሰንሱ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ረዳቱ ኢንተርኔት ላይ እንዲፈልግ ይፈቀድለት እንደሆነ ወሳኞቹ እናንተ ናችሁ፣ ሴቲንጉ አድሚኑ ጋ አለ። በስብሰባ ላይ የተባለው በጽሑፍ የተገለበጠበት ቅጂ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይቀመጥ እንደሆነም እንዲሁ። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ በራሳችሁ አካውንት አድሚን ሴንተር ገብታችሁ ሮልስ (ሥልጣኖች) የሚለውን ከፍታችሁ የማን ስም እንዳለ ካያችሁ በኋላ ይሁን። እኔ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ደመወዝ ከመሥራቴ በፊት አየዋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ቢሊንግ ውስጥ ሪከሪንግ ቢሊንግ የሚለው በርቶ ከተተወ ዓመቱ ሲሞላ ለሌላ ዓመት ይታደሳል። የእኛው በርቶ ነበር የተገኘው፤ አጥፍቼዋለሁ።

የሻጩን ስም ያልጻፍኩት 90,000 ብሩን ለማስመለስ ገና በሽምግልና ላይ ስለሆንን ነው። እስካሁን ያቀረቡልን ነጻ ሥልጠና ነው። ጋሼ እንቢ ብለዋል። የመጋዘን ኃላፊያችን ግን ረዳቱን አልተዉትም፤ ዘንድሮ ይቀጥል ብለን ከያዝናቸው አራት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። አልፎ አልፎ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረብ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ደመወዝሽን ጠየቅኩት፣ አላውቅም አለኝ» ይሉኛል።