ራሴ የሠራሁት የዓሣ ገንዳ የእንጨት ክዳን ከወራት በኋላ

የዓሣ ገንዳዬን ከላይ የሚሸፍነውን የእንጨት ሳጥን ሠርቼ ከጫንኩት ወራት አልፈዋል። እስካሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሩ ሳይዝ ይከፈታል፣ ማዕዘኖቹም አልተላቀቁም። መጋዝ፣ ድሪል፣ ሜትሮና ስኳድራ (የቀጥተኛ ማዕዘን መለኪያ) ብቻ ይዞ ይሠራል ወይ ለሚል ሰው መልሴ አዎ ነው፣ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚፈራው መገጣጠሙን ነው። እሱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ስለሆነ፣ ልኩን ይዤ ሄጄ ፕላይውዱን እዚያው በገዛሁበት በማሽን አስቆረጥኩት። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በ18 ቢሠራ ይጠነክራል፣ ግን ለጽዳት ብቻዬን አላነሳውም ነበር። በየማዕዘኑ ከውስጥ አንድ አንድ ቀጭን ሞራሌ በኮላና በብሎን አሰርኩ። ፕላይውዱ እንዳይሰነጠቅ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ግድ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም ለካሁ። እኩል ከመጡ ሳጥኑ አልተጣመመም ማለት ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ፣ በሳጥኑና በመስታወቱ መካከል በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተውኩ።

ብዙ የለፋሁት ግን ቫርኒሹ ላይ ነው። ፕላይውድ ውሃ ይበልጥ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በተቆረጠው ጠርዙ ነው። እዚያ የተገለጡት ቃጫዎች የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ውሃ ይስባሉ። ስለዚህ ጠርዞቹን ሁሉ መጀመሪያ በቀጠነ ፖሊዩሪቴን (ውሃ የሚከላከል የቫርኒሽ ዓይነት) አጠገብኳቸው፣ ከዚያ ሙሉውን ደጋግሜ ቀባሁ። በየመሃሉ ቁጥሩ 220 በሆነ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሸሁት። የማጣሪያው ቱቦ የሚያልፍባትን ክፍተት እንኳ አልዘለልኩም። ዛሬ ጣቴን ሳስኬድባት ለስላሳ ናት፣ አላበጠችም። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ በአንድ ቀን ለእጅ ይደርቃል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ግን እስከ ወር ሊወስድ ይችላል። ሽታው ሙልጭ ብሎ ሳይጠፋ ከውሃው በላይ መጫን ለዓሦቹ አደጋ ነው። እዚህ ላይ መቻኮል የለም።

ጉድለቶቹስ? የማይዝግ ተብሎ የተሸጠልኝ ማጠፊያ ብሎኖቹ ዛጉ። ዝገቱ ውሃው ላይ ሳይንጠባጠብ በእውነተኛ የማይዝግ ብረት ቀየርኳቸው። ነሐስም አይዝግም ይባላል፤ ግን ውስጡ ሽሪምፕን የሚጎዳ መዳብ ስላለ ሽሪምፕ ለሚያረባ ሰው አልመክርም። በሩ ከታች በኩል ጠዋት ጠዋት የጤዛ ጠብታ ይይዛል። ጠብታው የሚሰበሰብበት የፊት ጠርዝ ላይ ቫርኒሹ ነጣ ብሎ ነበር፤ አሽቼ ደግሜ ቀባሁት፣ አሁን ደህና ነው። ሌላው የሚያስቸግረው ቁመቱ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ለመብራቱ ይመቻል፣ ገንዳው ወለል ላይ ያለ ተክል ለመትከል ግን ክንድ ያሳጥራል።

ጀርባው ሙሉ በሙሉ ክፍት መሆኑን በጣም ወድጄዋለሁ። ሙቀትና እርጥበት የሚወጣው በዚያ ነው፤ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እንጨቱም ዓሦቹም ይቸገሩ ነበር። የኤልኢዲውን ትራንስፎርመር ከሳጥኑ ውጪ ነው ያስቀመጥኩት። ሽቦው ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተጠምዝዞ ነው የሚወጣው፤ በላዩ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ታች ይንጠባጠባል። ይህን ማንም ሊዘለው አይገባም። ሳጥኑ ከተጫነ ወዲህ የሚተነው ውሃ ቀንሷል፣ ዘሎ ወለል ላይ የተገኘ ዓሣም የለም።