ባዮስ ሲታደስ የቆመ ላፕቶፕ፦ በቁልፍ ማስነሳት፣ ቺፑን ማስጻፍ ወይስ ማዘርቦርድ መቀየር?

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ዊንዶውስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት እያደረግን መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ ባትሪው ሁለት ደቂቃ አይቆይም። የአፕዴቱ መስመር ግማሹን አልፎ ነበር። ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ ማብሪያውን ብንጫን ፋኑ ይዞራል፣ የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ ነው። የልጁ ፊት አመድ መሰለ።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «ወንድሜ፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየራል» አለን። አልሞተም ነበር። ባዮስ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ በተበየደች፣ ከጥፍር በማትበልጥ ባለ 8 እግር ቺፕ ውስጥ ነው። አፕዴት ማለት የቺፗን ጽሑፍ አጥፍቶ አዲስ መጻፍ ነው። መሃል ላይ ኃይል ሲቋረጥ ጽሑፉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ቦርዱ ጤነኛ ነው። ኤስኤስዲው (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) ላይ ያለ ፋይልም አልተነካም። ይህን ሳታውቁ ከሄዳችሁ፣ ቺፕ በማስጻፍ የሚያልቅ ጉዳይ በማዘርቦርድ ዋጋ ትከፍሉበታላችሁ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ታገሡ። ከአፕዴት በኋላ ላፕቶፑ ሁለት ሦስቴ ራሱን አጥፍቶ ሊያበራ፣ ስክሪኑም ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሚሞሪውን እንደገና እየለካ ነው። ተበላሸ ብለው በዚህ ሰዓት የሚያጠፉት ናቸው ራሳቸው የሚያበላሹት። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት።

ካልተነሳ፣ መጀመሪያ የሚሞከረው ነጻው መንገድ ነው፦ በቁልፍ ማስነሳት። እዚህ ላይ የላፕቶፑ ስም ብዙ ይወስናል።

ኤችፒ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና ቢን (B) አንድ ላይ ያዙ፤ ማብሪያውን ሁለት ሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ሁለቱን ቁልፎች ግን አትልቀቁ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ እስኪመጣ ወይም ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ እስክትሰሙ ጠብቁ። እምቢ ካለ በቢ ፈንታ ቪን (V) ሞክሩ። ማስነሻ ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀት ትችላላችሁ፤ ከኤችፒ ድረ ገጽ የሚወርደው የባዮስ ፋይል ሲከፈት ራሱ ይጠይቃችኋል። ኤሊትቡክ ከያዛችሁ ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሹር ስታርት የሚባል ነገር ገብቶላቸዋል። ተለይቶ የተቀመጠ የባዮስ ቅጂ አለው፤ ዋናው መበላሸቱን ሲያይ ማንም ሳያዘው ይመልሰዋል።

ዴል ላይ አያያዙ ይለያል። ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ ኮንትሮልና ኢስኬፕን ያዙ። እንደያዛችሁ ቻርጀሩን ሰኩ። የማስነሻው ገጽ ሲመጣ ልቀቁ። ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ ዴሎች ይህ አላቸው። ቅጂውን ከዲስኩ ወይም ከፍላሽ ያነባል። የላቲቲውድ መብራት ደግሞ ራሱ ይናገራል፦ 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 2 ጊዜ ነጭ ካበራ ችግሩ ባዮስ ነው። 2 ብርቱካናማና 3 ነጭ ከሆነ ግን ሚሞሪ አላገኘም ማለት ነው፤ ያኔ ባዮሱን ትታችሁ ራሙን (ሚሞሪውን) ነቅላችሁ ሰኩ።

ሌኖቮ ላይ ልቤ አይረጋም። አዳዲሶቹ ቲንክፓዶች ራሱን የሚጠግን ባዮስ ይዘው ይመጣሉ። እንደ ቲ440 እና ቲ450 ያሉ የቆዩት ላይ ግን እንደ ኤችፒና እንደ ዴል የታወቀ የቁልፍ መንገድ የለም፤ በቀጥታ ወደ ቺፕ ማስጻፍ ነው የሚኬደው።

ቁልፉ ካልሠራ ምርጫው ሦስት ነው፤ ዋናው ልዩነት ያለውም እዚህ ነው።

አንዱ ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ) ገዝቶ ራስ መጻፍ ነው። ሲኤች341ኤ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ቺፑን ከሚይዘው መቆንጠጫ ጋር ርካሽ ነው። ቪዲዮ አይታችሁ «ይኼማ ቀላል ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ቀላል የሚሆነው ለለመደ እጅ ነው። ቺፖቹ በ3.3 ቮልት ወይም በ1.8 ቮልት ይሠራሉ፤ በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ 1.8ቱ በዝቷል። የ1.8ቱን ቮልቱን ዝቅ ከሚያደርገው ማስተካከያ ውጭ ከሰካችሁት ቺፑን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ደግሞ በመረጃ መስመሮቹ 5 ቮልት በመላክ ስሙ የጠፋ ነው። ኮምፒውተር እየጠገናችሁ የምትኖሩ ከሆነ ግዙት፣ ይጠቅማችኋል። ለአንድ ላፕቶፕ ብላችሁ ግን አትግዙት፤ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምለው።

ሁለተኛው ፕሮግራመር ላለው ባለሙያ መስጠት ነው። እኛ ያደረግነው ይህን ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም የምመርጠው ይህን ነው። ሁለተኛው ጥገና ቤት ያለው ልጅ መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለ። ቺፗን በስልኩ ካሜራ አጉልቶ ቁጥሯን አነበበ። መቆንጠጫውን ሲያስር ቀዩን ሽቦ ቺፗ ላይ ካለችው ነጥብ ጋር አገናኘ። ከዚያ ያለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቦ አመሳሰለና አስቀመጠ። የወደድኩለት ይህን ነው። በቺፗ ውስጥ ከባዮሱ ጋር የላፕቶፑ መለያ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ፈቃድ ቁጥርና የኔትወርክ አድራሻም ተቀምጠዋል። የሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ፋይል ዝም ብሎ ከተጫነበት ላፕቶፑ ሊነሳ ይችላል፣ መለያው ግን የሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የድሮውን አንብበህ ታስቀምጥልኛለህ?» ከተደናገረ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሦስተኛው ማዘርቦርድ መቀየር ነው። ከሁሉም ውዱ ነው። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩ፣ አንዳንዴም ራሙ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ስትቀይሩ ሁሉንም ነው የምትገዙት። ገበያ ላይ የሚገኘውም አብዛኛው ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለ ነው፤ የባዮስ ፓስወርድ ተቆልፎበት ሊመጣም ይችላል። ሌላም ጣጣ አለ። ዲስኩ በቢትሎከር (ፋይሎችን በሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የተዘጋ ከሆነ አዲሱ ቦርድ ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ተቀምጧል፤ ከሌለ ፋይሉን እርሱት። ስለዚህ ቁጥሩን በእጃችሁ ሳትይዙ ቦርድ እንዲቀየር አትፍቀዱ። ቦርድ የሚቀየረው ቺፑ ተጽፎም፣ በአዲስ ቺፕ ተተክቶም ላፕቶፑ አልነሳ ሲል ነው። ዋስትና ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ግን ማንም እንዳይከፍተው፣ በቀጥታ ወደ ገዛችሁበት ውሰዱት።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ከወዲሁ አስቡበት። በዋጋና በአቅም የሚቀራረቡ ኤሊትቡክ፣ ላቲቲውድና የቆየ ቲንክፓድ ቢቀርቡልኝ፣ በዚህ ጉዳይ ኤሊትቡኩን አስቀድማለሁ፤ ራሱን ስለሚመልስ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣ ላቲቲውድ ይከተላል። ቲንክፓዱን ለኪቦርዱ ስትሉ ከወደዳችሁት ግዙት፤ ባዮሱን ግን ያለ በቂ ምክንያት አትንኩት።

ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ቻርጀሩን ንቀሉና 15 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱበት። ካልቆየ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ። ያ ባትሪ እስኪቀየር ድረስ ባዮስ አፕዴት የሚል መልእክት ሲመጣ «በኋላ» የሚለውን ተጫኑ።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ በማግስቱ ተነሳ። ጽሑፉን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገለበጠው፣ ከዚያ ለእኔም በቴሌግራም ላከልኝ።