ክረምቱን ቻይንኛ ለመማር የት ልሂድ? ቤጂንግ፣ ሃርቢን ወይስ ኩንሚንግ

ድሬ ላይ ቻይንኛ የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ባቡሩ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ጓንጁ ተመላልሶ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ አለ። አያቶቻችን በሽሜንደፈር (በድሮው የፈረንሳዮች ባቡር) ዘመን ፈረንሳይኛን ከሥራው ጋር ነው የለመዱት። አሁን ተራው የቻይንኛ ነው። በዚህ ሰሞን ደግሞ "ሐምሌና ነሐሴን እዚያው ሄጄ ልማር፣ የቱ ይሻላል?" የሚሉኝ ልጆች በርክተዋል። እኔ ቤጂንግ ስድስት ሳምንት ተምሬያለሁ። የአክስቴ ልጅ ሃርቢን ነበረች፣ አንድ የከዚራ ጓደኛዬ ደግሞ ኩንሚንግ ከርሟል። የወጣልን ገንዘብ ብዙም አይራራቅም፣ ይዘን የተመለስነው ቋንቋ ግን በጣም ይለያያል።

ከቤጂንግ ልጀምር፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ስለሆነ። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ትምህርት ቤት ሞልቷል፤ ለውጭ አገር ተማሪዎች ተብሎ በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቤጂንግ ቋንቋና ባህል ዩኒቨርሲቲም እዚያ ነው። ተማሪው ብዙ ስለሆነ ክፍሉም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ትክክለኛ ደረጃችሁ ላይ የመመደብ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩም ያው ብዛቱ ነው። እኔ የተማርኩበት ቦታ (ስሙን አልጠራም) ጠዋት ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል ጥሩ ትምህርት ይሰጥ ነበር፣ አስተማሪዎቹም ጎበዞች ነበሩ፣ ግን ከሰዓት ዶርም ስንመለስ ሁላችንም የውጭ ተማሪዎች ስለሆንን ምሳው በእንግሊዝኛ፣ ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ ሽርሽሩም በእንግሊዝኛ ሆኖ ስድስቱ ሳምንት አለቀ። እስካሁን ይቆጨኛል። ቤተሰብ ያን ያህል ብር ያወጣው እንግሊዝኛ እንዳወራ አልነበረም።

ሃርቢን ሌላ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ያለ ከተማ ነው፤ እንደ ድሬ የባቡር ልጅ ነው። እሱ በ1898፣ ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ.፣ ሁለቱም ሐዲድ ተከትለው የበቀሉ ናቸው። የሕዝቡ አነጋገር ለማንዳሪን፣ ማለት ክፍል ውስጥ ለሚሰጠው መደበኛ ቻይንኛ፣ ቅርብ ነው፣ ክፍል ውስጥ የሰማችሁትን ገበያም ትሰሙታላችሁ። ክረምቱ ለእኛ ልጆች ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሐምሌ ላይ በአማካይ 23 ዲግሪ አካባቢ።

የአክስቴ ልጅ የገባችበት ፕሮግራም ገና ሲጀመር ፊርማ ያስፈርማል፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ከቻይንኛ ሌላ ቋንቋ አይወራም። ዶርም አብራት የምትኖረውም ቻይናዊት ተማሪ ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት ስትደውል ታለቅስ ነበር፣ "ጨው አቀብዪኝ ማለት እንኳ አቃተኝ" እያለች። በአምስተኛው ሳምንት ስደውልላት ከክፍል ጓደኛዋ ጋር በቻይንኛ ስትከራከር ሰማኋት። ዛሬ በስልክ ከቻይና አለቆች ጋር ሥራ ትጨርሳለች። አቦ፣ ልዩነቱን ያመጣው ከተማው ሳይሆን ያ ፊርማ ነው! ቤጂንግም ሆነ ሌላ ቦታ እንዲህ የሚያስፈርም ካገኛችሁ ያዙት።

ኩንሚንግ ደግሞ ኑሮው ከቤጂንግ ይረክሳል። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሐረርን ሐረርን ይላል፣ ቻይናዎቹም የጸደይ ከተማ ይሉታል። ሐምሌና ነሐሴ ግን የዝናብ ወራቱ ናቸው፣ ጃንጥላ ያዙ። ምግቡ ለእኛ ይመቻል። ሁዪ የሚባሉት ሙስሊሞች ብዙ ስላሉ ሐላል ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ፍልሰታ ለሚጾም ደግሞ ቶፉው፣ የሩዝ ኑድሉና በዚያ ሰሞን የሚደርሰው የጫካ እንጉዳይ አለለት (ሾርባው በሥጋ አለመሠራቱን ብቻ ጠይቁ)። ጓደኛዬ የተቸገረው በአነጋገሩ ነው። የአካባቢው ሰው እርስ በርሱ የሚያወራው በራሱ ዘዬ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ግማሹ ያመልጠው ነበር።

ጓንጁን ለትምህርት አልመክርም። ለንግድ ጥሩ ነው፣ ግን መንገድ ላይ ካንቶኒዝ የሚባለውን፣ ከማንዳሪን የተለየውን የአካባቢውን ቋንቋ ትሰማላችሁ። ታይፔ በትምህርት ጥራት የተመሰገነ ቢሆንም የሚማሩት የድሮውን ፊደል ነው፣ ድሬ ላይ ዕቃና ማሽን ላይ የምታነቡት ደግሞ የቀለለውን። በዚያ ላይ አዲስ አበባ የታይዋን ኤምባሲ የለም፣ ቪዛው ያንከራትታል።

ለዋናው ቻይና ከ180 ቀን በታች ለሚቆይ ተማሪ የሚሰጠው ቪዛ ኤክስ 2 ነው። ዋናው ሰነድ የትምህርት ቤቱ የቅበላ ደብዳቤ ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትቁረጡ።

ምንም ሳትችሉ ከሆነስ? አትሂዱ፣ ገና ነው። መጀመሪያ እዚሁ ሦስት አራት ወር ተማሩ፤ የምትችሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኮንፊሽየስ ተቋም፣ የማትችሉ በስልካችሁ። ኤችኤስኬ በሚባለው የቻይንኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና በቀድሞው አሠራር አንደኛው ደረጃ 150 ቃል፣ ሁለተኛው 300 ቃል ነበር፤ ቢያንስ ያንን ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጁን የሄደ ሰው ውድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ "ማ" ሲል ይከርማል። "ማ" በአንዱ ድምፅ እናት ነው፣ በሌላው ፈረስ። እኛ "ገና" ስንል በዓሉን ይሁን "ገና ነው" የሚለውን በማጥበቅና በማላላት እንደምንለየው ማለት ነው፣ ጆሮ ከለመደ አይከብድም።

ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ነው? ዶርም ከማን ጋር ነው? ከሰዓትስ የሚያናግረኝ አለ? ቪዛ ብከለከል ብሩ ይመለሳል? ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው እንደምታውቁት ነው፣ በብር ስትመቱት ትንሽ የሚመስለው የምዝገባ ክፍያ እንኳ ያማል። እኔ ብሆን ክፍያውን በክፍል ሰዓት አላካፍለውም፤ በቀን ስንት ሰዓት ቻይንኛ እንደማወራ አስቤ በዚያ አካፍለዋለሁ።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ጫት እንዳትነኩ፤ ቻይና ውስጥ ክልክል ነው፣ እስር ቤት ያስገባል። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ፌስቡክም እዚያ ዝግ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ለእናታችሁ ስልክ ላይ ዊቻት ጭኑላትና አንድ ሁለቴ አለማምዷት። ድሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ እሷ ቡና ስታፈላ እናንተ የቤት ሥራ ጨርሳችሁ ትደውላላችሁ።